የሙያ ትምህርት፦ እየጠበበ የሚታጠፍ የጭስ ቱቦ

በግምት የተቆረጠ ላሜራ ተመልሶ አይገጠምም። ስለዚህ ንድፉን መጀመሪያ በካርቶን እንሥራ። ለምሳሌ የታችኛው አፍ ስፋት 20፣ የላይኛው 10፣ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር ይሁን።

1. ቱቦውን ቀጥ እንዳለ ከጎን በሙሉ ልኩ እንሣል። ሁለቱን ጎኖች ወደ ላይ ብናስረዝም አንድ ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። ከጫፉ እስከ ታችኛው አፍ 60.8፣ እስከ ላይኛው 30.4 ሳንቲ ሜትር ነው።

2. በእነዚህ ልኮች በምስማርና በሲባጎ ሁለት ቅስቶች ካርቶን ላይ እናዙር። የትልቁን ርዝመት 62.8 አድርገን በ12 እኩል ከፍለን ወደ ምስማሩ እናስምር።

3. በሥዕሉ ወገብ ላይ በ45 ዲግሪ የመቁረጫ መስመር እናስምር። ከታችኛው አፍ ሥር ግማሽ ክብ ሥለን በ6 እንክፈል፤ ነጥቦቹን ቀጥ አድርገን ወደ አፉ አውጥተን ከጫፉ ጋር እናገናኝ።

4. ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው። የመካከለኞቹ መስመሮች በሥዕል ላይ ከእውነተኛ ርዝመታቸው አጥረው ይታያሉ። ስለዚህ መቁረጫውን የነኩበትን ነጥብ አግድም ወደ ጎን ወስደን፣ ከጫፉ እስከዚያ እንለካ። ልኮቹን በተራ ካርቶኑ ላይ አስፍረን ነጥቦቹን እናያይዝ።

5. ካርቶኑን ቆርጠን ሁለቱን ክፍሎች ለየብቻ ላሜራ ላይ እንገልብጥ፤ ለየመጋጠሚያው 1 ሳንቲ ሜትር ትርፍ እንተው።

ከጠቀለልናቸው በኋላ የላይኛውን በተቆረጠው አፉ ላይ ግማሽ ዙር ብናዞረው በትክክል ይገጥማል፤ ቱቦውም 90 ዲግሪ ይታጠፋል።