ሳይጨመቅ የሚታወቅ ብስለት፦ ፍሬን በኤሌክትሪክ ስለመመርመር

ፍሬ ለምን ይጨመቃል?

አምባ ጊዮርጊስ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የወገራ ወረዳ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር ስለሚበልጥ ብርዱ ለገብስ፣ ለባቄላና ለነጭ ሽንኩርት ይስማማል። አቮካዶ፣ ማንጎና ሙዝ ግን ሞቅ ካለ አገር ተጭነው የሚመጡ ናቸው። ገዥው ዛፉን አላየም፤ ፍሬው መቼ እንደተለቀመም አያውቅም። ስለዚህ አውራ ጣቱን ያሳርፍበታል።

መጨመቅ ራሱን የቻለ ምርመራ ነው። የበሰለ ሥጋ ለጣት እሺ ይላል፣ ጮርቃው ግን አይበገርም። ይሁን እንጂ ጣት ባረፈበት ቦታ ህዋሶች ይፈርሳሉ፤ ከውስጣቸው የሚፈሱት ውህዶች በኢንዛይም (ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥን ፕሮቲን) አማካይነት ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐዱ ሥጋው ይጠቁራል። ጉዳቱ ከልጣጩ ሥር ስለሚቀር የሚታወቀው ቤት ገብቶ ሲቆረጥ ነው። የምርመራ ክፍሎች የሚጠቀሙበት ፔኔትሮሜትርም (በሥጋው ውስጥ ዘንግ እየሰደደ ጥንካሬን የሚለካ መሣሪያ) ፍሬውን ይበሳዋል፤ የተበሳ ፍሬ ደግሞ አይሸጥም።

መድረስና መብሰል በምን ይለያያሉ?

አማርኛ ሁለቱን መለየቱ ለዚህ ትምህርት እጅግ ይጠቅማል። የደረሰ ፍሬ ማለት ከዛፉ ቢለቀም በራሱ ሊበስል የሚችል ነው፤ የበሰለ ማለት ለመበላት የተዘጋጀ ነው። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ ይደርሳል እንጂ አይበስልም፤ የሚለሰልሰው ከተለቀመ በኋላ ነው። ሳይደርስ የተለቀመ ግን ይጨማደዳል እንጂ በደንብ አይበስልም።

ከተለቀሙ በኋላ የሚበስሉ ፍሬዎች ኢትሊን የተባለ ጋዝ ያመነጫሉ። አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ፖምና በደጋ ጓሮ የሚበቅለው ኮክ ከዚህ ወገን ናቸው፤ ብርቱካንና ሎሚ አይደሉም። ከአርባ ምንጭ አረንጓዴ ሆኖ የሚጫነውን ሙዝ ለማብሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ነጭ ጋዝ (ላምባ) የሚቃጠለውም ጭሱ ኢትሊን ስለሚይዝ ነው።

ኤሌክትሪክ በፍሬ ውስጥ እንዴት ያልፋል?

ፍሬ ከሞላ ጎደል በውኃ የተሞሉ ህዋሶች ክምችት ነው። ውኃው ውስጥ አዮኖች (ኤሌክትሪክ የተሸከሙ የማዕድንና የአሲድ ቅንጣቶች) ይንቀሳቀሳሉ፤ ኤሌክትሪክን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። እያንዳንዱን ህዋስ ግን ከቅባት የተሠራ እጅግ ስስ ሽፋን ይከበዋል፤ ቅባት ደግሞ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። አስተላላፊ ፈሳሽ ከውስጥም ከውጭም፣ በመካከሉ የማያስተላልፍ ሽፋን ሲኖር የሚፈጠረው ነገር በሬዲዮና በስልክ ውስጥ ካለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለጊዜው የሚያጠራቅም ዕቃ) ጋር አንድ ዓይነት ነው።

ካፓሲተር አቅጣጫውን ቀስ እያለ የሚቀይር ኤሌክትሪክን ያግዳል፣ በፍጥነት የሚቀያየረውን ያሳልፋል። በሴኮንድ ጥቂት መቶ ጊዜ የሚቀያየር ኤሌክትሪክ ወደ ህዋሱ መግባት ስለማይችል በህዋሶች መካከል ባለው ጠባብ መተላለፊያ ይዞራል። በሴኮንድ መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ጊዜ ሲቀያየር ሽፋኑን ተሻግሮ ህዋሱን አቋርጦ ያልፋል። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሩዶልፍ ሆበር በ1910 እ.ኤ.አ. በቀይ የደም ህዋሶች ላይ ይህንን ልዩነት ለክቶ፣ ህዋሱ ከውጭ የማያስተላልፍ፣ ከውስጥ ግን የሚያስተላልፍ መሆኑን አሳይቷል። የፍሬ ምርመራውም በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ፍሬ ሲበስል ህዋሶችን አጣብቆ የያዘው ፔክቲን (በህዋስ ግድግዳ ውስጥ ያለ አጣባቂ ንጥረ ነገር) ይሟሟል፤ ሽፋኖቹም እየላሉ ፈሳሻቸውን ያሾልካሉ። በብዙ ፍሬዎች ዘንድ ይህ በህዋሶች መካከል ያለውን መተላለፊያ በአዮን ስለሚሞላው ዝግ ያለው ኤሌክትሪክ በቀላሉ ማለፍ ይጀምራል። ፈጣኑ ድሮም ያልፍ ስለነበር እምብዛም አይለወጥም። ስለዚህ ሁለቱ ልኬቶች እየተቀራረቡ መሄዳቸው ብስለትን ያመለክታል። ሁለቱን ማነጻጸር ሌላም ጥቅም አለው፤ ትልቅና ትንሽ ፍሬ በመጠናቸው ብቻ የሚያመጡትን ልዩነት ይቀንሳል።

ሴንሰሩ ሳይበሳ እንዴት ይለካል?

ሴንሰር (ለውጥን ተቀብሎ ወደ ቁጥር የሚቀይር መሣሪያ) ሁለት ወይም አራት ኤሌክትሮዶችን (ብረት መነካኪያዎችን) በልጣጩ ላይ ያሳርፋል። ልጣጩ ሰም ስላለው፣ ለልብ ምርመራ በሰው ደረት ላይ እንደሚደረገው ሁሉ ጨዋማ ቅባት ወይም እርጥብ ጨርቅ በመካከል ይገባል። የሚላከው ኤሌክትሪክ ከአንድ ቮልት ያልበለጠ ስለሆነ ፍሬው አይሞቅም፣ ጣዕሙም አይለወጥም። መሣሪያው የሚመዘግበው ኢምፒዳንስ ይባላል፤ ይኸውም ፍሬው ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያቀርበው ጠቅላላ ተቃውሞ ነው።

ቁጥሩ ከምን ጋር ይነጻጸራል?

መሣሪያው የሚለካው ብስለትን ሳይሆን የውኃና የአዮንን እንቅስቃሴ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው አስቀድመው የተለኩ በርካታ ፍሬዎች ተቆርጠው ሲመረመሩ ነው። ብዙኃኑን ከጉዳት ለማዳን ጥቂቶች መሠዋት አለባቸው።

ከመራዊ አጠገብ በቆጋ መስኖ የሚለማው ሃስ የተባለው የአቮካዶ ዝርያ ጥሩ ምሳሌ ነው። አቮካዶ ሲደርስ በሥጋው ያለው ውኃ ይቀንሳል፣ ዘይቱ ይጨምራል። 10 ግራም ሥጋ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም ድረስ ደርቆ 2.3 ግራም ቢቀር ደረቅ ይዘቱ 23 በመቶ ነው፤ ብዙ የውጭ ገበያዎች ለሃስ ከ21 እስከ 23 በመቶ ያለውን ዝቅተኛ መጠን ያደርጋሉ። ውኃ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ዘይት አያስተላልፍም፤ ሴንሰሩ መድረስንም እንዲያመለክት የሚታሰበው በዚህ ምክንያት ነው። በትላልቅ ማሸጊያ ቤቶች ግን እስካሁን የተስፋፉት በብርሃንና በድምፅ የሚለኩ መሣሪያዎች ናቸው፤ የኤሌክትሪኩ ዘዴ በአብዛኛው በምርምር ክፍሎች የሚገኝ ነው።

የደጋ ብርድ ልኬቱን ለምን ያዛባል?

አዮኖች ሲሞቁ ይፈጥናሉ፣ ሲበርዱ ይዘገያሉ። የፈሳሽ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነት በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 2 በመቶ ገደማ ይለወጣል። በጠዋት 8 ዲግሪ፣ በቀትር 20 ዲግሪ የሆነ ፍሬ አንዳች ሳይበስል ወደ ሩብ የሚጠጋ ልዩነት ያሳያል ማለት ነው። በሞቃት አገር የተዘጋጀ ሰንጠረዥ በአምባ ጊዮርጊስ ጠዋት የበሰለውን ጮርቃ ነው ሊል ይችላል።

መፍትሔው ከኤሌክትሮዱ ጎን ቴርሞሜትር አኑሮ ቁጥሩን በሙቀቱ ማረም ነው። ያም ቢሆን ዝርያ፣ አፈርና ዝናብ በሙቀት እርማት አይስተካከሉም። ለወገራ ኮክ የሚያገለግለው ሰንጠረዥ ሊዘጋጅ የሚችለው ከወገራ ኮክ ብቻ ነው።