ምዕራፍ 7፦ የመጸው ብስኩት ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ

ጾም የሆነ ምግብ ሁሉ ጤናማ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ከነጭ ዱቄት፣ ከስኳርና ከረጋ የአትክልት ቅቤ የተጋገረ ብስኩት እንቁላልም ወተትም የለበትም፤ ለሰውነት የሚሰጠው ግን ከጣፋጭነት ብዙም አያልፍም። በሌላ ወገን ደግሞ የጾም ብስኩት ደረቅ፣ ፍርፍር የሚልና ጣዕም የሌለው ነው ብለው የተዉት አሉ። የሁለቱም ችግር መነሻ አንድ ነው፤ እንቁላሉና ቅቤው ሲወጡ ሥራቸውን ማን እንደሚተካ አይታሰብም።

መጸው፣ ማለትም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት፣ ይህን ለመማር የተመቸ ነው። ዱባ ይደርሳል፤ የጽጌ ጾም ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ይዘልቃል፤ ከዚያ ዐሥር ቀን ሳይሞላ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ይገባል። በአሜሪካና በአውሮፓ ለሚኖሩ አንባቢዎችም በእነዚሁ ወራት ሱቁ ሁሉ ዱባ በዱባ ነው።

ማን ምን ይሠራል?

እንቁላል ሊጡን ያያይዛል፣ እርጥበትም ይሰጣል። ይህን ሥራ ተልባ በሚገባ ይሠራዋል። 1 የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በ3 የሾርባ ማንኪያ ውኃ በጥብጠው 10 ደቂቃ ቢተዉት ይዝለገለጋል፤ ይህ የአንድ እንቁላል ምትክ ነው። ተልባው የግድ መፈጨት አለበት። ሳይፈጭ ከተበላ አብዛኛው እንደገባ ይወጣል፤ በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ስብም አይገኝም።

ቅቤ ዱቄቱን በስብ ሸፍኖ ብስኩቱ እንዳይጠነክር ያደርጋል፣ ሽታም ይሰጣል። ለስቡ የሱፍ ወይም የሰሊጥ ዘይት ይበቃል። የገበታ ቅቤ ከመቶ 80 እጅ ያህሉ ስብ፣ የቀረው በአብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ 100 ግራም ቅቤ የሚል አዘገጃጀት ሲያገኙ 80 ግራም ዘይት ያድርጉ። የረጋ የአትክልት ቅቤ ከመግዛትዎ በፊት ጽሑፉን ያንብቡ፤ በከፊል በሃይድሮጅን የረጋ ዘይት ካለበት ይተዉት። በውስጡ የሚገኘው ትራንስ ፋት ጎጂውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጠቃሚውን ዝቅ ያደርጋል።

የቅቤውን ሽታ የሚተካው ደግሞ መቁላት ነው። ኦትስ ተብሎ የሚሸጠውን የተዳመጠ አጃ በደረቅ መጥበሻ ሽታው እስኪያውድ ድረስ አመስ አመስ ያድርጉት። ይህን ደረጃ የዘለለና ያልዘለለ ብስኩት ጎን ለጎን ሲቀመስ ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። አጃ ቤታ ግሉካን የሚባል በውኃ የሚሟሟ አሰር አለው፤ በቀን 3 ግራም ያህል አዘውትሮ መመገብ ኮሌስትሮልን ለመቀነስ ይረዳል።

ስለ ጣፋጩ

የዓለም ጤና ድርጅት ምግብ ላይ የሚጨመር ስኳር፣ ማርና የጭማቂ ስኳር ተደምረው በቀን ከምናገኘው ኃይል ከመቶ 10 እጅ እንዳይበልጡ፣ ቢቻል ከ5 እጅ በታች እንዲሆኑ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው 10 እጁ 50 ግራም፣ 12 የሻይ ማንኪያ ያህል ስኳር ነው። እዚህ በቴምር እናጣፍጣለን። ቴምርም ቢሆን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስኳር ነው፤ የሚለየው አሰሩን ይዞ መምጣቱ ነው። ስለዚህ መጠኑ ይለካ። ማር በጾም ቢበላም ቪጋን የሆኑ ሰዎች አይበሉትም፤ እንግዳዎ ከእነሱ ወገን ከሆነ ያስታውሱ።

ለ20 ብስኩት የሚያስፈልገው

- የተቆላ ኦትስ፣ 150 ግራም
- ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ 100 ግራም
- የበሰለና የተፈጨ ዱባ፣ 120 ግራም
- ፍሬው የወጣ ቴምር፣ 120 ግራም
- ዘይት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ
- የተፈጨ ተልባ 1፣ ውኃ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ቤኪንግ ፓውደር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ቀረፋ 1፣ ዝንጅብል ግማሽ የሻይ ማንኪያ
- ኮረሪማ ቁንጥር፣ ጨው ቁንጥር

አሠራር

ዱባውን አይቀቅሉት። ራሱ በውኃ የተሞላ ስለሆነ ሲቀቀል ሊጡን ያቀጥነዋል። ቆራርጠው በ200 ዲግሪ ኦቨን 40 ደቂቃ ያህል ሲጠብሱት ውኃው ይተናል፣ ጣፋጭነቱም ይጎላል። ቢጫ ቀለሙን የሚሰጠው ቤታ ካሮቲን፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው፣ ከስብ ጋር ሲበላ ይበልጥ ይዋጣል፤ ዘይቱ እዚህም ጥቅም አለው።

ቴምሩን በፈላ ውኃ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው ያጥልሉና ይደፍጥጡ። ከዱባው፣ ከዘይቱና ከተዝለገለገው ተልባ ጋር ያዋህዱ። ደረቁን ሁሉ ለብቻ ቀላቅለው ይጨምሩበት። ዱቄቱ እንደተዋሐደ ማማሰሉን ያቁሙ፤ ከዚያ በላይ ሲታሽ ብስኩቱ ዳቦ ዳቦ ይላል። አጃው እርጥበቱን እንዲመጥ 15 ደቂቃ ያሳርፉት።

በማንኪያ እየዘገኑ በመጋገሪያ ወረቀት ላይ ያኑሩና በእርጥብ እጅ ጠፍጠፍ ያድርጉት። ቅቤ ያለበት ሊጥ ሲሞቅ ራሱ ይዘረጋል፤ ይህኛው ግን ባስቀመጡት ቅርጽ ይጋገራል። በ180 ዲግሪ ከ15 እስከ 18 ደቂቃ ያቆዩት፤ ዳር ዳሩ ሲቀላ ያውጡት። መሐሉ ለስላሳ ቢሆን አይስጉ፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል።

ከፍታውን አይርሱ

ከውጭ የሚመጡ አዘገጃጀቶች አብዛኞቹ ለባሕር ጠረፍ ቅርብ ለሆነ ቦታ የተጻፉ ናቸው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ዝቅ ስለሚል የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ይበልጥ ይለጠጣል፤ ሊጡ ቶሎ ተነፍቶ ይሟሽሻል። ከላይ ግማሽ ማንኪያ ያልነው ለዚህ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ያለ ሰው 1 ሙሉ የሻይ ማንኪያ ያድርግ።

ሳይሳካ ሲቀር

ከፈረፈረ ተልባው በደንብ አልተፈጨም ወይም ጊዜ አልተሰጠውም። ሊጡ እጅ ላይ ከተጣበቀ ዱባው ውኃ አዝሏል፤ 2 የሾርባ ማንኪያ ኦትስ ይጨምሩ። ታቹ አሮ ላዩ ነጭ ከሆነ ትሪውን አንድ እርከን ከፍ ያድርጉ።

ዱባ ስለያዘ ቶሎ ይሻግታል። በክዳናማ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 5 ቀን፣ በረዶ ቤት 2 ወር ይቆያል።

አንድ ጊዜ ከተሳካልዎ በኋላ ይለዋውጡት፦ በዱባው ፋንታ ስኳር ድንች፣ በከፊል ዘይቱ ፋንታ የለውዝ ቅቤ። ሆኖም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ፤ ሁለት ቀይረው ቢበላሽ ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አያውቁም።