የአድባራትን መጻሕፍት በትርጓሜ ድር ስለ መመዝገብ፤ ለሞጣና ለብቸና መዝጋቢዎች የተዘጋጀ መመሪያ

የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል በ18ኛው መቶ ዓመት የሞጣ ጊዮርጊስን ደብር ባቋቋሙበት ዘመን፣ ደብር የሚደበረው በሕንፃ ብቻ ሳይሆን በጉልት፣ በንዋየ ቅድሳትና በመጻሕፍት ጭምር ነበረና፣ የአገሩ ታሪክ ከግድግዳው ይልቅ በብራናው ኅዳግ ላይ ሰፍሮ ቀረ። የመሬቱ ስጦታ፣ የሽያጩ ውል፣ የምስክሮቹ ስም፣ የጸሓፊው የጸሎት ልመና፣ መጽሐፉን በሚሰርቅና ጽሕፈቱን በሚፍቅ ላይ የተነገረው ግዝት፣ ይህ ሁሉ የሚነበበው በወንጌሉ ወይም በተአምረ ማርያሙ ባዶ ቅጠል ላይ ነው። እቴጌ እሌኒ ካሳነፁት ከመርጡለ ማርያም አንሥቶ እስከ ደብረ ወርቅ ማርያም፣ ከዚያም በብቸና አጠገብ እስካለው እስከ ዲማ ጊዮርጊስ ድረስ ያሉት ገዳማትና አድባራትም ከዚሁ ሀብት ድርሻ አላቸው። ይህ መመሪያ የተጻፈው መጻሕፍቱን ከየዕቃ ቤታቸው ሳያወጣ፣ ነገር ግን ፈላጊ ሁሉ በውስጣቸው ያለውን እንዲደርስበት አድርጎ ለመመዝገብ ለሚነሣ የቅኔ ተማሪ፣ መምህር ወይም የወረዳ ባህል ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው።

በየዕቃ ቤቱ ያለው መዝገብ ብዙውን ጊዜ «ተአምረ ማርያም 1፣ ድጓ 2፣ ግብረ ሕማማት 1» እያለ የሚቈጥር ስለ ሆነ ለርክክብ ይበቃል፤ ለጠያቂ ግን መልስ የለውም። ያንኑ ዝርዝር በኮምፒዩተር ጽፎ በኢንተርኔት ላይ ማውጣትም ችግሩን አይፈታውም፤ መፈለጊያው ፊደሉን እንጂ ነገሩን አያውቅምና፣ «ራስ ኃይሉ» ብሎ ለጠየቀው ሰው የወይዘሮ ወለተ እስራኤልን ልጅ ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅንና እ.ኤ.አ. በ1950 ያረፉትን ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖትን ቀላቅሎ ያቀርብለታል። የዓለም አቀፉን ድር የፈጠረው ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልንጀሮቹ ጋራ ሆኖ ሳይንቲፊክ አሜሪካን በተባለው መጽሔት ላይ የትርጓሜ ድርን ሐሳብ የገለጠው፣ ኮምፒዩተር ከፊደሉ አልፎ ስለ ምን እንደሚነገር እንዲለይ ለማድረግ ነው። የዚህ ሥራ መሠረት የሆነው አርዲኤፍ የተባለው ሥርዐት አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ1999 ወጥቶ ነበር፤ በዚያው ዓመት የእኛም ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ቦታውን ያዘ። ነገርን በቍጥር ለይቶ ቍጥርን ከቍጥር የማገናኘት ጥበብ ግን ለሊቃውንታችን ከቶ እንግዳ አይደለም፤ የአራቱን ወንጌላውያን ቃል በአንቀጽ እየለየ በ10 ሰንጠረዥ ያስተባበረው የአውሳብዮስ ቀኖና በየጥንቱ ወንጌላችን መቅድም በሐረግ አጊጦ ተስሎ ይገኛልና።

የሥራው መጀመሪያ ፈቃድ ነው። ብራና ከመገለጡ በፊት የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሰበካ ጉባኤውና የዕቃ ቤቱ ጠባቂ ተሰብስበው፣ ምን እንደሚመዘገብ፣ ከተመዘገበውም ውስጥ የትኛው ለሕዝብ እንደሚወጣና የትኛው በደብሩ እጅ ብቻ እንደሚቀር በቃለ ጉባኤ ይወስኑ። እኔ በበኩሌ ከጅምሩ ሁለት መዝገብ መያዝ ግድ ነው እላለሁ፤ የድርሰቱ ስም፣ የቅጠሉ ብዛት፣ የኅዳጉ ቃልና ዘመኑ በግልጹ መዝገብ ይግቡ፤ መጽሐፉ የተቀመጠበት ሣጥን፣ ቁልፉን የያዘው ሰውና ቢሰረቅ ለመለየት የሚረዳው ልዩ ምልክቱ በዝጉ መዝገብ ይቅሩ። የብራና ሌባ እንደ ሊቅ ሁሉ መዝገብ ያነባልና በዚህ ነገር ቸል ማለት አይገባም።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ መታወቂያ ይሰጣል። መታወቂያው የድርሰቱን ስምም ሆነ የተቀመጠበትን ቦታ መያዝ የለበትም፤ ስምም ይታረማል፣ ቦታም ይለወጣልና፣ የደብሩ ስምና ቍጥር ብቻ ይበቃሉ። አንድ ጊዜ የተሰጠ ቍጥር መጽሐፉ ቢጠፋ እንኳ ለሌላ አይሰጥም። ቍጥሩም በብራናው ላይ በቀለም አይጻፍም፤ በንጹሕ ወረቀት ተጽፎ በመጽሐፉ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ። መጽሐፉ አስቀድሞ በሌላ ቍጥር ታውቆ እንደ ሆነ ያንንም ጨምሮ መጻፍ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ጥንታውያን መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን ሲያነሣ የጎጃምንም አድባራት ጐብኝቶ ነበርና፣ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌና ዊልያም ማኮምበር ካታሎግ ያዘጋጁለት ያ ስብስብ የሰጠው ቍጥር ለዛሬው መዝጋቢ ትልቅ ድልድይ ይሆነዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የመለየት ሥራ ከሁሉ ይልቅ ትዕግሥት የሚጠይቅ ስለ ሆነ፣ በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ያስፈልጋል። በእጅ የሚዳሰሰው ብራና አንድ ነገር ነው፤ በብራናው ላይ የተገለበጠው ድርሰት ሌላ ነገር ነው፤ በኅዳጉ ወይም በባዶው ቅጠል ላይ ኋላ የተጨመረው ጽሕፈት ደግሞ ሦስተኛ ነገር ነው። ተአምረ ማርያም በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ ግዕዝ ተመለሰ ሲባል የሚነገረው ስለ ድርሰቱ ነው፤ በእጃችን ያለው ቅጂ ግን ከዚያ 400 ዓመት በኋላ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፤ በመጨረሻው ቅጠል ላይ ያለው የመሬት ውል ደግሞ ከቅጂው በኋላ ሌላ ጸሓፊ በሌላ ቀለም ያሰፈረው ይሆናል። ሦስቱን በአንድ መስመር «ተአምረ ማርያም፣ የዐፄ ዳዊት» ብሎ የሚጽፍ መዝጋቢ፣ ሦስት እውነቶችን አጋጭቶ አንድ ስሕተት ያወጣል። ስለዚህ ድርሰትም የራሱ መታወቂያ፣ ኅዳግም የራሱ መታወቂያ ይኑራቸው፤ በውስጣቸው የተጠቀሱት ሰዎችና ቦታዎችም እንደዚሁ።

ነገሮቹ ሁሉ መታወቂያ ካገኙ በኋላ ስለ እነርሱ የሚነገረው በሦስት ክፍል ይጻፋል። ሰዋስው የተማረ ሰው ባለቤትን፣ ማሰሪያ አንቀጽንና ተሳቢን ለይቶ ያውቃልና የአርዲኤፍ ሥርዐት አያስቸግረውም፤ አርዲኤፍ ከዚህ የበለጠ አያዝም፣ ከዚህ ያነሰም አይቀበልም። ለምሳሌ ያህል ብቻ፦

መጽሐፍ-12 ፥ ይይዛል ፥ ድርሰት-3 ።
ድርሰት-3 ፥ ይባላል ፥ «ተአምረ ማርያም» ።
መጽሐፍ-12 ፥ አለው ፥ ኅዳግ-31 ።
ኅዳግ-31 ፥ ይናገራል ፥ የጉልት-ስጦታ ።
ኅዳግ-31 ፥ ይጠቅሳል ፥ ሰው-7 ።
ሰው-7 ፥ ይባላል ፥ «ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ» ።

በእውነተኛው መዝገብ እያንዳንዱ መታወቂያ በሙሉ የድር አድራሻ ይጻፋል፤ አድራሻውም በፊደላችን ቢጻፍ ሥርዐቱ ይፈቅዳል። መዝጋቢው ይህን ሁሉ በእጁ መተየብ አያስፈልገውም፤ አስቀድሞ በተራ ሠንጠረዥ ከሞላው በኋላ ኦፕንሪፋይን በተባለው ነጻ ፕሮግራም ወደ ሦስት ክፍል ይለውጠዋል። ይህ ፕሮግራም በራሱ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚሠራ ስለ ሆነ ኢንተርኔት በተቋረጠበት ቀን ሥራው አይቆምም። ማሰሪያ አንቀጾቹን ግን ከራስ ከመፍጠር ይልቅ ዓለም የተስማማባቸውን እንደ ደብሊን ኮር ያሉትን መውሰድ ይሻላል፤ ለርእሰ ነገሩ ዝርዝርም እ.ኤ.አ. በ2009 የጸደቀው ስኮስ የተባለው ሥርዐት ያገለግላል። በእርሱ «የመሬት ነገር» የሚለውን ከላይ፣ «የጉልት ስጦታ»፣ «ሽያጭ»ና «ውርስ» የሚሉትን ከበታቹ አድርጎ የሠራ መዝጋቢ፣ የላይኛውን የጠየቀ ሰው የታችኞቹን ሁሉ እንዲያገኝ መንገድ ይጠርግለታል።

ስለ ስሞች አጻጻፍ አንድ ጽኑ ሕግ መያዝ ይገባል፤ ይኸውም በብራናው ላይ ያለው ፊደል እንዳለ ይገልበጥ የሚል ነው። እቴጌ ምንትዋብ በጥምቀት ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ በመንግሥት ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ይባላሉ፤ ሦስቱም ስሞች በአንድ መታወቂያ ሥር ይጻፋሉ እንጂ ሦስት እቴጌዎች አይደረጉም። መርጡለ ማርያምን «መርጦ ለማርያም» ብሎ የሚጽፍም ብዙ ነውና ሁለቱም ይግቡ። በእያንዳንዱም ስም ላይ የቋንቋው ምልክት፣ ግዕዝ ወይም አማርኛ መሆኑ፣ ይለጠፍ። ለመፈለጊያው ደግሞ ሐና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተመለሱበት ሌላ የተሰወረ ቅጂ ይዘጋጅ፤ ምክንያቱም ዛሬ የሚጠይቀው ሰው «ስላሴ» ብሎ ቢጽፍም «ሥላሴ» የሚለውን ሊያገኝ ይገባዋል። ይህ የማመሳሰል ሥራ ግን ዋናውን ጽሕፈት መንካት የለበትም፤ በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ ሲሆን ሰረቀ ማለት ሌብነት ነውና፣ ፊደሉን ያቀላቀለ ሰው የፀሐይን መውጣት ወንጀል ያደርገዋል።

ዘመን ከስም ይልቅ ያሳስታል። የድሮ ጸሓፊ ዘመኑን በዓመተ ዓለም ጽፎ ከሆነ 5500 ሲቀነስለት የእኛን ዓመተ ምሕረት ይሰጣል፤ 7250 ዓመተ ዓለም ቢል 1750 ዓ.ም. ይሆናል፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1757 መስከረም ጀምሮ ያለው ዓመት ነው። ነገር ግን በጥንቱ ጽሕፈት «ዓመተ ምሕረት» የሚለው ቃል አንዳንድ ጊዜ በ532 ዓመት የሚዞረውን የዐቢይ ቀመር ቍጥር ያመለክታልና፣ ትንሽ ቍጥር ያየ መዝጋቢ ቸኵሎ መተርጐም የለበትም። በመዝገቡ ውስጥ የብራናው ቃል ለብቻው፣ የተቈጠረበት ሥርዐት ለብቻው፣ መዝጋቢው ያሰላው ዓመት ለብቻው ይጻፉ።

መዝገቡ ጥቂት መጻሕፍትን እንደ ያዘ ምርመራ ይጀመር፤ መቶ መጽሐፍ ከተመዘገበ በኋላ የሚደረግ እርማት ድካሙ እጥፍ ነውና። ለዚህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሻክል የተባለው ሥርዐት የተመደበ ነው። መዝጋቢዎቹ ሕጋቸውን አስቀድመው ይጽፋሉ፤ መጽሐፍ ሁሉ አንድ መታወቂያ ብቻ ይኑረው፣ ቢያንስ አንድ ድርሰት ይያዝ፣ ዓመት ያለበት ሁሉ የዘመን አቈጣጠሩ ይገለጥ፣ ኅዳግ ሁሉ ያነበበው ሰው ይታወቅ ይላሉ፤ ፕሮግራሙም መዝገቡን በሕጉ እየመረመረ የጐደለውን በዝርዝር ያወጣል። ከዚህ የረቀቀ ምርመራም ማዘዝ ይቻላል። አንድ ኅዳግ ዐፄ ኢዮአስን ነግሠው ሳሉ ቢጠቅስ፣ የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1755 እስከ 1769 ስለ ሆነ፣ ለዚያ ኅዳግ የተሰላው ዓመት ከዚህ ወሰን ቢወጣ ፕሮግራሙ ያስጠነቅቃል። ያን ጊዜ ስሕተቱ የመዝጋቢው ይሁን ወይም የጥንቱ ጸሓፊ፣ ወይም ስጦታው ኋላ የተቀናበረ ይሁን የሚፈርደው ፕሮግራሙ ሳይሆን ወደ ብራናው ተመልሶ የሚያነበው ሰው ነው። ሻክል የሚመረምረው የመዝገቡን መልክ እንጂ የነገሩን እውነት አይደለምና፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ያለፈ መዝገብ ሁሉ ትክክል ነው ብሎ ማመን አይገባም። ለዚህም ነው ያነበበውን ሰው መታወቂያና ያነበበበትን ቀን በየኅዳጉ መጻፍ እንደ ትርፍ ነገር የማልቈጥረው፤ ሁለት መምህራን አንዱን ቃል በተለያየ መንገድ ያነበቡት እንደ ሆነ ሁለቱም ንባብ በየስማቸው ይመዝገብ።

ከዚህ በኋላ መዝገቡን ከውጭው ዓለም ጋራ ማገናኘት ይከተላል። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰር አሌሳንድሮ ባውዚ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2016 የተጀመረው፣ ቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተሰየመው ሥራ ለግዕዝ ድርሰቶች ለእያንዳንዳቸው መታወቂያ ሰጥቷልና፣ የእኛ «ድርሰት-3» የእርሱ ተአምረ ማርያም እንደ ሆነ በአንድ መስመር ማስታወቅ ይበቃል። ለሰዎችና ለቦታዎች እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ዊኪዳታ ይጠቅማል። ማገናኘት ግን ማረጋገጥን ይጠይቃል፤ ስም ስለ ተመሳሰለ ብቻ «ይህ ያ ነው» ብሎ መጻፍ ሁለቱን ራስ ኃይሉ መልሶ ማቀላቀል ነውና፣ መዝጋቢው ባልተረጋገጠበት ቦታ «ተቀራራቢ» የሚለውን ማሰሪያ ይጠቀም።

ፍለጋው ስፓርክል በተባለው የመጠየቂያ ቋንቋ ይከናወናል። አጠያየቁ ቀድሞ በጻፍነው በሦስት ክፍል ዐረፍተ ነገር ነው፤ ልዩነቱ ያልታወቀው ክፍል በጥያቄ ምልክት መተካቱ ብቻ ነው። ማንኛው መጽሐፍ፣ ማንኛውን ኅዳግ አለው፤ ያ ኅዳግ የጉልት ስጦታን ይናገራል፤ ሰው-7ንም ይጠቅሳል ብሎ ሦስት መስመር የጻፈ ሰው፣ የራስ ኃይሉ ዮሴዴቅን የጉልት ስጦታ የያዙትን መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ጊዜ ያገኛል። የዲማ፣ የደብረ ወርቅና የመርጡለ ማርያም መዝጋቢዎች በዚሁ ሥርዐት የጻፉ እንደ ሆነ ያው ጥያቄ ሳይለወጥ ከሞጣ ጋራ አራቱንም ደብር ያዳርሳል። አፓቼ ጄና የተባለው ነጻ ፕሮግራም መዝገቡን ለማስቀመጥም፣ በሻክል ለመመርመርም፣ በስፓርክል ለመጠየቅም ይበቃል።

መዝገቡ በሦስት ቅጂ ይቀመጥ፤ አንዱ በደብሩ፣ አንዱ በወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት፣ አንዱ በሌላ ከተማ ባለ ቤተ መጻሕፍት፤ ዝጉ መዝገብ ግን ከደብሩ አይወጣም። ከግልጹም መዝገብ በየዓመቱ በወረቀት ታትሞ ለዕቃ ቤቱ ጠባቂ ይሰጥ፤ ጠባቂው ዕድሜ ልካቸውን ከመጻሕፍቱ ጋራ የኖሩ ናቸውና፣ በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የሚያሰፍሩት እርማት በስማቸው ወደ ኮምፒዩተሩ ተመልሶ ይግባ።