መቱ ለተመደበችው ሐኪም የተጻፈ ምክር

ልጄ፣ የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊስት ሆነሽ መቱ መመደብሽን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ወዲያውም ትንሽ ሠጋሁ። የተማርሽው ሙያ በአገራችን ገና ልጅ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥልጠናውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2013፣ የመጀመሪያዎቹን ያስመረቀው በ2016 ነው። ስለዚህ ሄደሽ «የምን ስፔሻሊስት ነሽ?» የሚልሽ አይጠፋም። አትከራከሪ፤ ሥራሽ ይመልስላቸዋል። እኔ ጤና መኮንን ሆኜ ያን አገር ያየሁ ሰው ነኝ። የምነግርሽን በቁጥር የከፈልኩት ስትፈልጊው እንዲቀናሽ ብዬ እንጂ አንዱ ካንዱ ስለሚበልጥ አይደለም።

1. እግር እዪ። ለሳል የመጣውንም ሰው ጫማውን አስወልቀሽ እዪ። ጎሬ፣ አሌ፣ ሁሩሙ፣ መቱ ዙሪያ አፈሩ ቀይ ነው፤ ዝናቡም ከአገሪቱ ሁሉ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሠራን ገበሬ የሚይዘው ዝሆኔ፣ እናንተ ፖዶኮኒዮሲስ የምትሉት ነው። ስሙን ያወጣለት ኧርነስት ፕራይስ የተባለ የሥጋ ደዌ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ነው። በተዋሲያን የሚመጣ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ይህን ግን ጎረቤት አያምንም፤ አንዳንዴ የጤና ባለሙያም አያምንም።

ቡሬን አልፈሽ ወደ ጋምቤላ ቁልቁል ስትወርጂ ደግሞ ያው የሚመስል እብጠት በትንኝ ከሚተላለፈው የፊላሪያ ትል ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ያበጠ እግር ስታዪ መጀመሪያ የት ተወልዶ የት እንደኖረ ጠይቂ። ከጣት ተነሥቶ ወደ ላይ የወጣ፣ ሁለቱን እግር የያዘ፣ ጉልበትን እምብዛም ያላለፈ ከሆነና ሰውየው ከደጋ ወርዶ ካልኖረ አፈሩን ጠርጥሪ። ከብሽሽት የወረደ ወይም የቆለጥ ከረጢት ያበጠበት ከሆነ ትሉን አስቢ። ሕክምናቸው አንድ አይደለምና መቀላቀል የለባቸውም።

መድኃኒት የለውም ብለሽ ሰውየውን አትመልሺው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሙከራ አለ። እግራቸውን መታጠብ፣ መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ የተማሩትና የታገዙት ሰዎች፣ እያተኮሰ የሚጥለው አጣዳፊ ሕመም በዓመት 19.4 ጊዜ ያዛቸው፤ ያልታገዙትን 23.9 ጊዜ። ልዩነቱ ትንሽ መስሎሽ እንዳታልፊው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ያልታገዙት ቁጥር ነው። በየሁለት ሳምንቱ እየተነሣ ቀናት አልጋ ላይ የሚያውል ሕመም ማለት ነው፤ ቡና በሚለቀምበት ወር ቢመጣበት ያ ቤት ምን እንደሚሆን አስቢው።

አንድ ጊዜ ራስሽ አጥበሽ አሳዪያቸው። ባልዲ ውሃ፣ ሳሙና፣ ከዚያ በጣም የቀጠነ በረኪና ውስጥ መዘፍዘፍ። ዋናው ነገር ያለው ከዚያ በኋላ ነው፤ በየጣቱ መሃል ንጹሕ ጨርቅ እያስገቡ ማድረቅ። ቆዳው እዚያ ተሰንጥቆ ሽታ ያመጣል፤ ሰውየው ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም መሄድ የተወው በዚያ ሽታ ምክንያት ነው። ከደረቀ በኋላ ቫዝሊን ይቀባ። ኮንጎ ጫማ ላበጠ እግር አይገባም፤ «ጫማ አድርግ» ብለሽ ብቻ ከላክሽው ምንም አልነገርሽውም። ጫማ ሰፊ ፈልጊ፤ ገበያ ውስጥ ቆዳ የሚሠራ አይጠፋም።

ደግሞ አንድ ጥንቃቄ። ለበሽታው ተጋላጭ መሆን በከፊል በዘር እንደሚወረስ በወላይታ የተደረገ የዘረመል ጥናት እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይቷል። ይህን በደጃፍ አታውሪ። የአንዲት ልጅ የጋብቻ ጥያቄ በዚህ ወሬ ይፈርሳል። ለእናትየው ብቻዋን ስትሆን ንገሪያት፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገና እግሩን የሚታጠብ ልጅ በሽታውን ሊያመልጠው እንደሚችል ጨምሪላት።

2. አዲስ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አስፋልቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ይህን ያህል ዓመት ሠርቼ ካየሁት ሁሉ ይህን አጥብቄ ብነግርሽ እወዳለሁ። መመሪያ ሲታደስ፣ መድኃኒት ሲሻሻል፣ ክትባት ሲገባ ቀድሞ የሚጠቀመው መቱ ከተማ ያለው ነው፤ ኖኖ ሰሌ ወይም ዲዱ ጫካ ውስጥ ያለው ግን ለዓመታት ይጠብቃል። በመካከል ክፍተቱ ይሰፋል። በዌልስ የከሰል ቆፋሪዎች መንደር የሠራ ጁሊያን ቱዶር ሃርት የሚባል የቤተሰብ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጽሑፍ ጥሩ ሕክምና ይበልጥ ከሚያስፈልገው ሰው የመራቅ ባሕርይ እንዳለው ጽፏል። ሰውየው ጽፎ ብቻ አልተቀመጠም፤ የመንደሩን ነዋሪ ፈልጎ ደም ግፊቱን ለካ። አንቺም አዲስ መመሪያ እጅሽ ሲገባ፣ ከማንበብሽ በፊት «ሩቅ ያለችው ሴት ጋ በማን በኩል ይደርሳል?» ብለሽ ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ጻፊ።

የማህጸን በር ካንሰር ክትባት ጥሩ ምሳሌ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ስትጀምረው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዙር ነበር፤ ትምህርት ቤት ያለችዋ አገኘች፣ አቋርጣ ቡና የምትለቅመው ቀረች፤ አንደኛውን ወስዳ ሁለተኛው ያመለጣትም አለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 አንድ ዙርም ሊበቃ እንደሚችል ካሳወቀ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አገሪቱ በአንድ ዙር ሰፊ ዘመቻ አካሄደች። ሩቅ ያለን ሰው ከሚጠቅሙት ጥቂት ለውጦች አንዱ ይህ ነው። ትምህርት ቤት የማይሄዱትን ስም ግን ርዕሰ መምህሩ አይሰጥሽም፤ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቂ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያሉትንም ሴቶች ለሌላ ጉዳይ በመጡበት ቀን የማህጸን በር ምርመራ አድርጊላቸው፤ ለምርመራው ብቻ ብሎ የሚመለስ ሰው አትጠብቂ።

3. ወባ ወደ ደጋ አይወጣም የሚልሽን አትስሚ። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ አገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምተኞችን መዝግባለች፤ 1,157 ሰዎችም ሞተዋል። ደጋ ያለው ገበሬ ቆላ ወርዶ ሠርቶ ይመለሳል፤ ትኩሳቱ የሚይዘው ቤቱ ከደረሰ በኋላ ነው። «ባለፈው ወር የት ነበርክ?» የሚለው ጥያቄ ከቴርሞሜትሩ እኩል ይሠራል።

ፈጣኑ መመርመሪያ «የለም» ሲል አትዘናጊ። ጋምቤላን ጨምሮ በኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት አንዳንድ የፋልሲፓረም ጥገኞች ኤችአርፒ2 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያመርተውን ዘረመል እንዳጡ ታይቷል፤ ያንን ብቻ የሚፈልግ መመርመሪያ አያገኛቸውም። ጥርጣሬሽ ከበረታ ደም በማይክሮስኮፕ አሳዪ፤ የትኛው ዓይነት መመርመሪያ በመጋዘን እንዳለም ፋርማሲውን ጠይቂ። ለቫይቫክስ የሚሰጠው የ14 ቀን ፕሪማኪን ደግሞ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ሲለቅ ይቋረጣል። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይከታተልም። ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ሽንቱ ከጠቆረ አቁሞ እንዲመጣ ለሁሉም ንገሪ።

4. የደም ግፊት። እ.ኤ.አ. በ2015 የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከጎልማሶች 16 በመቶ ገደማ ከፍ ያለ ግፊት እንዳላቸው አሳይቷል፤ አብዛኛው ሰው ከነጭራሹ ተለክቶ አያውቅም ነበር። አምሎዲፒን ጀምሪ፤ ርካሽ ነው፣ ያለ ላብራቶሪም ይጀመራል። ልትወልድ ለምትችል ሴት ግን ኢናላፕሪል ከመጻፍሽ በፊት እርግዝናን ጠይቂ።

ቡናው ላይ ነው ወሬው። በዚያ አገር ብዙ ቤት ቡና የሚጠጣው በጨው ነው፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሲባል ጨው ሦስት ጊዜ ይወርዳል። «ጨው ቀንሱ» የሚለው ምክር ወጡን ብቻ ያስባል። ቡናውን ተዉ ብትያቸው ከጎረቤት ለያየሽን ይሉሻል፤ ጨዉን በሲኒ ከማድረግ በጣት ጫፍ እንድታደርገው የቤቱን እመቤት አግባቢያት። ቀጠሮ ስትሰጪም የገበያ ቀኑን ጠይቂና በዚያው ቀን አድርጊው፤ ለመድኃኒት ብሎ ሁለተኛ መንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው።

5. ሕፃን ልጅ አታስተርጉሚ። ባልንም ለሚስቱ እንዲሁ። ከኦሮምኛ ተናጋሪው ሌላ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ መጥተው የሠፈሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ታገኛለሽ፤ ከጋምቤላ በኩል ኑዌርና አኝዋክ ታካሚ ይመጣል። ኦሮምኛ ካልቻልሽ ዛሬውኑ ጀምሪ።

6. የሚጥል በሽታ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ ይህን በሽታ የደበቀ ሰው ግን ለምን እንደደበቀ ማንም አይጠይቀውም። ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭረው ያሸቱታል፤ በአፉ አረፋ እንዳይተላለፍብን ብለው ይሸሹታል። ምድጃ ውስጥ የምትወድቀው ደግሞ ያው ቀኑን ሙሉ እሳት ዳር የምትውለዋ ሴት ናት። በፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የተመራው የቡታጅራ ጥናት ከ1,000 ሰው 5.2ቱ ይህ በሽታ እንዳለባቸው አሳይቷል፤ ከእነዚያ ዘመናዊ ሕክምና የሚያገኙት ደግሞ እጅግ ጥቂት ነበሩ። ፌኖባርቢታል ርካሽ ነው፤ ጤና ጣቢያ ላይም ይሰጣል። ቫልፕሮየትን ግን ለልጃገረድና መውለድ ለምትችል ሴት አትጻፊ፤ ጽንሱን ይጎዳል። መድኃኒቱን ይዛ ስትሄድ ምድጃው ከመሬት ከፍ እንዲል ለባልየው ንገሪው፤ ይህ ከፋርማሲ የማይገኝ ማዘዣ ነው።

ፈጣን ወንዝ አጠገብ ካሉ መንደሮች ብዙ ሕመምተኛ ከመጣልሽ፣ ከጥቁሯ ዝንብ የሚመጣውን ኦንኮሰርኪያሲስን አስቢ፤ ከሚጥል በሽታ ጋር እንደሚያያዝ በብዙ አገር ተስተውሏል። በእኛ አገር ዓይን የሚያጠፋው ጥቂቱን ነው፤ ብዙውን በማሳከክ እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ዓመት ካለፈው ቅልጥሙ ላይ ነጣ ነጣ ያለ ቆዳ ታያለሽ። እከክ ነው ብለው የሚያክሙት ብዙ ናቸው። ሜክቲዛን ሲታደል መጠኑ የሚወሰነው በመለኪያ ዘንግ በቁመት ነው፤ ከ90 ሴንቲ ሜትር በታች ያለ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡርና በወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ያለች እናት አይወስዱም። ዕደላው ሲመጣ ጫካ ቀፎ የሰቀለውና ቡና ለቀማ የሄደው ከቤቱ የለም። መዝገቡ ላይ «የለም» ተብሎ የተጻፈበትን ስም ቆጥረሽ፣ ለእነሱ ሌላ ቀን እንዲያዝ ጠይቂ።

7. የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹን በስም እወቂ። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ያሉት እነሱ ናቸው። የቤተሰብ ማህደሩን አስወጥተሽ አብራችሁ አንብቡት፤ ከማን ቤት ማን እንደማይመጣ እዚያ ላይ አለ። አንዷ ስትሳሳት ሰው ፊት አትቆጪያት። ይህ ብቻ ነው በዚህ ላይ ያለኝ።

8. ሪፈር ስትጽፊ ወጪውንም አብረሽ ጻፊ። በወረቀቱ ላይ ማለቴ አይደለም፤ በራስሽ ማስታወሻ ላይ። የትራንስፖርት፣ የአስታማሚው ምግብ፣ የማደሪያው፣ ቤት የቀሩት ልጆች። መቱ ካርል ሆስፒታል ስሙን ያገኘው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለውን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ከመሠረተው ካርልሃይንዝ በም ነው፤ ከጋምቤላ በኩል ሳይቀር ይመጡበታል። ጅማ ወይም አዲስ አበባ ላኩን የሚሉሽም አሉ፤ አዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን መታወቂያ ያለውም ቢሆን መድኃኒቱ በግቢው ፋርማሲ ካልተገኘ ከኪሱ ይከፍላል። ቡና ሊለቅም ከሌላ ወረዳ የመጣው ጭራሽ መታወቂያው አገሩ ቀርቷል። ስለዚህ መዋጮው የሚሰበሰበው ቡና ተሸጦ እጅ ላይ ብር ባለበት ሰሞን እንዲሆን ከወረዳው ጋር ተነጋገሪ፤ የድሃ ድሃ ተብሎ መንግሥት የሚከፍልለትም ስም ዝርዝር ሲወጣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፤ የምታውቂያት ባልቴት ከቀረች ተናገሪ።

ለወላድም ይኸው ነው። የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ100,000 ወሊድ 871 የነበረው በ2016 ጥናት ወደ 412 ወርዷል፤ የቀረው ግን አብዛኛው መንገድ የሌለበት ቦታ ያለው ነው። የእናቶች ማቆያ ክፍል ባዶ ሆኖ ስታገኚ ሴቶቹ አልነቁም አትበዪ። ማን ያበስልላታል? ማን ላሚቱን ያልባል? በክረምት አምቡላንሱ ጭቃ ውስጥ ሲቀር በቃሬዛ የሚያወጧት ወንዶች እነማን ናቸው? የቃሬዛውን ማኅበር ሰብሳቢ ስልክ ከሾፌሩ ስልክ በላይ ጻፊው።

ለተቀባዩም ሐኪም ደውዪለት። ወረቀቱ ጭቃ ነክቶት፣ ቀለሙ ፈስሶ ይደርሳል፤ «ታካሚዋ ዛሬ ከሰዓት ትደርሳለች፣ ደሟ ይህን ያህል ነው፣ ይህን ሰጥቻታለሁ» ያልሽው ግን በስልክ ቀድሟት ይደርሳል። ማምሻውን ደግሞ ደርሳ እንደሆነ ደግመሽ ጠይቂ፤ ካልደረሰች ወደ ባሏ ስልክ ደውዪ።