ዝም ያሉት ተማሪዎች

ጥያቄ፦ መቱ ውስጥ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ከገጠር የመጡት ተማሪዎቼ ዝም ይላሉ፤ እጅ የሚያወጡት የከተማዎቹ ናቸው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ዝምታቸውን እንደ አለማወቅ አይቁጠሩት፣ መምህር። እስከ 8ኛ ክፍል ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ ተምረው ድንገት እንግሊዝኛ ገጥሟቸዋል። መጀመሪያ በአፋን ኦሮሞ ይወያዩ፤ የእንግሊዝኛው ቃል ከዚያ ይምጣ።

የሚወያዩበት ነገር ደግሞ ቅርብ ነው፤ ቤተ ሙከራ ባይኖርዎትም፣ ዩኔስኮ በ2010 እ.ኤ.አ. የመዘገበው የያዩ የቡና ጫካ እዚያው ኢሉባቦር ነው። ከጥላ ሥርና ከፀሐይ የተቀጠፈ የቡና ቅጠል ያስመጡ። ባለ ካሬ ወረቀት ላይ አስነድፈው ካሬዎቹን ያስቆጥሩ፤ የጥላው አብዛኛውን ጊዜ ሰፋና ሳሳ ያለ ነው። ለምን? ብርሃን አስተጻምሮን እዚህ ላይ ይጀምሩ። ቡና ሲለቅም ያደገው ልጅ የሚናገረው ይኖረዋል፤ በእኔ እምነት ትልቁ ነገር ይህ ነው። የሚለውንም ክፍሉ በሌሎች ቅጠሎች ለክቶ ይፈትነው።