የትራክተር ማርሽ አመራረጥ በደጋና በገደላማ አካባቢዎች

መግቢያ

በሰሜን ሸዋ፣ ከደብረ ብርሃን ሜዳ እስከ አንኮበር ቁልቁለት ድረስ፣ ትራክተር ለእርሻ፣ ለውቂያና ለማጓጓዣ ያገለግላል። ማርሹን በትክክል አለመምረጥ ነዳጅ ያባክናል፣ ካምቢዮ ይሰብራል፤ በገደላማ መንገድ ላይ ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነጂዎቻቸውን እንዲያስተምሩ መርዳት ነው።

1. የካምቢዮ አሠራር

የሞተሩ ኃይል ወደ ኋላ ጎማዎች የሚደርሰው በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮና በዲፈረንሻል አማካይነት ነው። ፍሪሲዮን ሞተሩን ከካምቢዮው ያገናኛል፣ ያለያያልም። ካምቢዮ ደግሞ ፍጥነትን በጉልበት ይለውጣል። 12 ጥርስ ያለው ማርሽ 48 ጥርስ ያለውን ሲያዞር፣ ትልቁ አንድ ጊዜ እስኪዞር ትንሹ 4 ጊዜ ይዞራል። ስለሆነም ፍጥነቱ ወደ ሩብ ሲወርድ የማዞር ጉልበቱ፣ በሰበቃ የሚባክነው ሳይታሰብ፣ 4 እጥፍ ይሆናል።

ይህንን ለአባላት ለማስረዳት የበቅሎን ምሳሌ መጠቀም ይቻላል። ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር የምትወጣ የተጫነች በቅሎ እየተጠማዘዘች ትወጣለች። መንገዱ ይረዝማል፣ በየእርምጃው የሚፈለገው ጉልበት ግን ያንሳል። ነጂዎች ከባድ ማርሽ የሚሉት ዝቅተኛው ማርሽም የሚሠራው እንዲሁ ነው።

የማርሽ ብዛት እንደ ትራክተሩ ዓይነት ይለያያል። የማሲ ፈርጉሰን 135 አንዱ ዓይነት 6 የፊትና 2 የኋላ ማርሽ ሲኖረው፣ ቤላሩስ ኤምቲዜድ 80 ደግሞ 18 የፊትና 4 የኋላ ማርሽ አለው። በእነዚህና በመሰል የቆዩ ትራክተሮች ማርሽ የሚለወጠው ትራክተሩ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው። ከጭነት መኪና የመጡ ነጂዎች እየነዱ ለመለወጥ ሲሞክሩ የማርሾቹን ጥርስ ይበላሉ።

2. በደጋ የሞተር ጉልበት መቀነስ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ተርቦ የሌለው ሞተር 1,000 ሜትር በወጣ ቁጥር በግምት ከጉልበቱ አንድ አሥረኛውን ያጣል፤ አየሩ ስስ ነውና። ስለዚህ በቆላ በ3ኛ ማርሽ ያረሰ ትራክተር በደጋ፣ በተለይም በእርጥብ መረሬ አፈር ላይ፣ ወደ 2ኛ መውረድ ሊያስፈልገው ይችላል። ሞተሩ እያቃሰተና ጥቁር ጭስ እያወጣ ከሆነ ማርሹ ለሥራው አልተስማማም ማለት ነው።

3. በማሳ ላይ

ለእርሻ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ተስማሚ ነው። ይህንን ለመለካት ትራክተሩ በ1 ደቂቃ የሄደውን ርቀት በሜትር መለካት ይበቃል፤ ከ67 እስከ 100 ሜትር ከሄደ ፍጥነቱ ትክክል ነው። መውቂያ በፒቲኦ ሲሠራ ግን ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ጎማውም በታኮ ይደገፋል።

4. በዳገትና በቁልቁለት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ላይ ጋሪ የሚጎትት ትራክተር ነጂ የሚከተሉትን መጠበቅ አለበት።

ሀ. ማርሽ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሜዳው ላይ ቆሞ ነው። ያንኑ ጭነት ይዞ ዳገቱን ለመውጣት ከሚያስፈልገው ማርሽ የቀለለ አይያዝ።

ለ. ቁልቁለት መሐል ፍሪሲዮን አይረገጥም፤ ማርሽም ዜሮ አይደረግም። ፍሪሲዮን ከተረገጠ ሞተሩ ጎማውን መያዝ ያቆማል። ጋሪው ከኋላ ይገፋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ የወጣው ማርሽም ተመልሶ አይገባም። ነዳጅ ለመቆጠብ ተብሎ ዜሮ ማርሽ መንዳት ነጂውንም ማኅበሩንም የሚያሳጣ ነው።

ሐ. በመንገድ ላይ የግራና የቀኝ ፍሬን ፔዳሎች በማያያዣው ተቆልፈው ይያዙ። አንዱ ብቻ ቢረገጥ ትራክተሩ ወደ ጎን ይጠመዘዛል።

መ. ዳገት ላይ ሲነሡ ፍሪሲዮን በዝግታ ይለቀቅ። በድንገት ከተለቀቀ የፊት ጎማዎች ተነሥተው ትራክተሩ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ጋሪም ከዝቅተኛው መጎተቻ በላይ አይታሰር።

5. እንክብካቤ

እግርን ሁልጊዜ ፍሪሲዮን ፔዳል ላይ ማሳረፍ ኩሽኔታውንና ሸራውን ይበላል። የፔዳሉ ልቅነት በአምራቹ መመሪያ መሠረት ይስተካከል። የካምቢዮ ዘይት በሜዳ ላይ፣ ሞተር ጠፍቶ ይለካ። ዘይቱ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታልና ወዲያው ይለወጥ። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ዘይቱ ስለሚወፍር፣ ጠዋት ሥራ ከመጀመሩ በፊት ሞተሩ በዝግታ ይሙቅ።

ማሳሰቢያ

የበልግ እርሻ ከመድረሱ በፊት እያንዳንዱ ማኅበር ነጂዎቹን ሰብስቦ፣ ማርሽ አመራረጥን መጀመሪያ በሜዳ፣ ቀጥሎም ያለ ጋሪ በመለስተኛ ቁልቁለት እንዲያለማምድ እንመክራለን። ይህንን ትምህርት ያላገኘ ነጂ ጭኖ ወደ አንኮበር እንዲወርድ መፍቀድ አይገባም።