ዳጉሳ፦ ለክፉ ቀን የሚቀመጥ እህል
(ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ንባብ)



በወላይታ ስለ ምግብ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው እንሰት ነው። ቀጥሎ በቆሎ፣ ስኳር ድንች፣ ጎደሬ፣ ጤፍና ቦሎቄ ይመጣሉ። ዳጉሳን የሚያነሳ ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያነሳውም ብዙ ጊዜ ከአረቄ ጋር አያይዞ ነው።

ዳጉሳ ግን የሩቅ አገር እህል አይደለም። መጀመሪያ ከዱር ወደ ማሳ የገባው ከኢትዮጵያ እስከ ኡጋንዳ ባለው ደጋማ አገር ነው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 አገራችንን ዞሮ ዘር ሰብስቦ ነበር፤ የኢትዮጵያ ናቸው ካላቸው ሰብሎች መካከልም ዳጉሳ ይገኛል። ከምሥራቅ አፍሪካ ተሻግሮ ህንድ የገባው በጥንት ዘመን ነው፤ በደቡብ ህንድ ራጊ ይሉታል፣ ገንፎውን እንደ ኳስ አድቦልቡለው በወጥ ይበሉታል። ለሰፌድና ለሙዳይ ስፌት የሚያገለግለው አክርማም የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው።

በጎጃምና በጎንደር ዳጉሳ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ ይሆናል፤ ለጠላና ለአረቄም ይውላል። በእኛው በደቡብ፣ ኮንሶዎች በእርከናቸው ላይ ከማሽላ ጋር ይዘሩታል። ካልሲየሙ ከስንዴና ከሩዝ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ገንፎው ለአራስና ለሕፃን ይመከራል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ እ.ኤ.አ. በ1970 የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት (ዋዱ) ሲቋቋም የተሻሻለ በቆሎና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ደረሰ። ምርት ጨመረ፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን በ1992 ዓ.ም. ስኳር ድንቹም የበልጉም ዝናብ ሲከዳን መሬቱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ሰው ተራበ። ስኳር ድንች ጎተራ አይገባም፤ በቆሎን ነቀዝ ይፈጀዋል። የዳጉሳ ፍሬ ደቃቅና ጠንካራ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፤ በደንብ ደርቆ ከተቀመጠ ለዓመታት ይቆያል። እኔ ይህን እህል ለወላይታ የምመክረው በምርት ብዛቱ ሳይሆን በዚህ ጠባዩ ነው።

መሬት ጠባብ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ በቆሎን ተዉ አንልም፤ ሩብ ጥማድ ይበቃል። ለዚህ 1 ኪሎ ያህል ዘር በቂ ነው። በሄክታር 20 ኩንታል ቢገኝ ከሩብ ጥማድ 125 ኪሎ ይሰበሰባል። 6 ሰው ያለበት ቤት በቀን 3 ኪሎ ቢጠቀም ከ40 ቀን በላይ ያሻግራል። አዲሱ በቆሎ እስኪደርስ ያሉትን የጭንቅ ሳምንታት ለሚያውቅ ሰው 40 ቀን ቀላል አይደለም። እህሉ ወደ አረቄ ከሄደ ግን ይህ ስሌት ይፈርሳል፤ ባልና ሚስት አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ችግሩ አረም ነው። ቡቃያው ከሣር አይለይም፤ በበተና ከተዘራ ማረሙ የሴቶችንና የልጆችን ወገብ ይሰብራል። በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር ዝሩ፤ መሬቱ በደንብ ይለስልስ፣ አፈሩም ስስ ይሁን። የመጀመሪያው አረም ከ3 ሳምንት አይለፍ። የራስ ዘለላውና አንገቱ የሚደርቅበት በሽታ ከታየ ከዚያ ማሳ ዘር አትያዙ፤ በቀጣዩ ዓመት ቦሎቄ ዝሩበት። ለዝናብ አጠር ቆላ ከመልካሳ የወጣውን ታደሰ የተባለውን ዝርያ ከቀበሌ ልማት ሠራተኛችሁ ጠይቁ።

ለቡድን ውይይት፦ በቀበሌያችሁ ዳጉሳ ይዘራ እንደነበር የሚያስታውሱ አዛውንት አሉ? የት ማሳ ላይ ነበር? ለምን ተተወ? መልሱን ጽፋችሁ ወደ ቀጣዩ ሥልጠና ይዛችሁ ኑ።